የማላየው ስፍራ ሲለካ

ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ወደ ሥራ በተመለስኩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀይ የብረት በር ግንባሬን መታኝ። የምሠራው ኪርያት አርዬ በሚባል የፋብሪካ ሰፈር ባለ የመድኃኒት መጋዘን ነው፤ ፋርማሲዎች ያዘዙትን ከየመደርደሪያው እየለቀምኩ ካርቶን ውስጥ አስገባለሁ። በሩ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ የቁም ሳጥን በር ነበር። አንዱ ከፍቶ ትቶት ሄዷል። አብራኝ የምትሠራው ሴት ሮጣ መጥታ ግንባሬን በሶፍት እየጫነች፣ “እንዴ፣ አላየሽውም?” አለችኝ።

አላየሁትም። ጨልሞብኝ ወይም ደብዝዞብኝ አይደለም። ግድግዳው አለ፣ መብራቱ አለ፣ በሩ ግን ለእኔ አልነበረም።

የሚጥል በሽታ የጀመረኝ ከጎንደር ወደዚህ አገር በመጣን በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል፤ ከዚያ ሆዴ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቁት ያዩኝ ሰዎች ናቸው። እናቴ ለማንም አትናገርም ነበር። ለጎረቤት “ራሷን ያማታል” ትላለች። ሰርግ ላይ ቢጀምረኝ ነጠላዋን ጣል አድርጋብኝ፣ ደግፋ ወደ ውጭ ታወጣኛለች፤ የጠየቀ ሰው ካለ “ሙቀቱ ነው” ትለዋለች። መድኃኒት ተቀያየረልኝ፤ አንዱም አልያዘልኝም። በመጨረሻ ሐኪሙ በሽታው የሚነሳው ከቀኝ ጆሮዬ በላይ ካለች የአንጎል ክፍል እንደሆነና ያችን ቆርጦ ማውጣት እንደሚቻል ነገረኝ።

“ግን በዚያ በኩል የማየት ጅማቶች ያልፋሉ” አለኝ። “ከላይ በግራ በኩል ካለው እይታሽ የተወሰነ ሊሄድ ይችላል።”

“ምን ያህል?”

“ከቀዶ ጥገናው በፊት ማወቅ አልችልም። ከዚያ በኋላ እንለካዋለን።”

እሺ ብዬ ፈረምኩ። መንገድ ላይ ወድቄ ሰው ከቦኝ ከምነቃ ምንም ይሁን ብዬ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ሠመረ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልጣለኝም። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ “ተመስገን በይ” ይለኛል፤ እኔም እላለሁ። የበሩን ነገር ለእናቴ ስነግራት ግን ተቆጣች።

“ዓይንሽማ ደህና ነው! ቅድም መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሽልኝ አንቺ አይደለሽ?”

“መርፌው ፊት ለፊቴ ነው እማዬ። ይሄ ከላይ ነው።”

“በቃ፣ ክፉ አታውሪ። ከዳንሽ ወዲያ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?”

የምፈልገውን አውቅ ነበር። የሄደብኝን ነገር ልኩን ማወቅ እፈልጋለሁ። ከየት ጀምሮ የት ላይ እንደሚያልቅ ካላወቅሁ፣ ሁለተኛው በር መቼ እንደሚመታኝ አላውቅም። የእይታ መለኪያው ቀጠሮ ሩቅ ነበርና በየጠዋቱ ሆስፒታሉ እየደወልኩ ቀጠሮውን የተወ ሰው እንዳለ እጠይቃለሁ። ስልክ የምታነሳው ሴት በመጨረሻ ድምፄን ለይታ፣ “አሁንም አንቺ ነሽ? በሰደር፣ እሺ፣ ማክሰኞ ነይ” አለችኝ በዕብራይስጥ።

እናቴ “ብቻሽን አልሰድሽም” ብላ አብራኝ መጣች። የምትለካኝ ወጣት ሴት እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ ነበረች። አማርኛዋ ተሰባብሯል፣ ግን ትጥራለች። ክፍሉን አጨለመች። መሣሪያው ለሁለት እንደተሰነጠቀ ትልቅ ነጭ ቅል ነው፤ አገጬን አስደግፋ ፊቴን ወደ ውስጡ አስገባችው፣ ግራ ዓይኔን ሸፈነችው፣ እጄ ላይ ቁልፍ ሰጠችኝ።

“መሐል ያለችውን ቢጫ ነጥብ ብቻ እዪ። ከዚያ በዙሪያው ትንሽ ትንሽ መብራት ይመጣል። መብራት ስታዪ ቁልፉን ተጫኚ። ዓይንሽ መብራቱን እንዳያሳድድ።”

ጀመርን። መሣሪያው መብራቱን ባበራ ቁጥር ጠቅ ይላል፤ እኔ ሳይ ደግሞ ቁልፌ ጠቅ ይላል። ጠቅ፣ ጠቅ። ጥቂት እንደሄድን ከኋላዬ የተቀመጠችው እናቴ ኧህ ብላ ሳለች። ሳላስበው ቁልፉን ተጫንኩ። ደግማ ሳለች፤ ደግሜ ተጫንኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትስል ልጅቷ መሣሪያውን አቆመችው።

“እማማ፣ ጉንፋን ይዞሻል?”

“ኧረ ደህና ነኝ ልጄ።”

“እየረዳሻት ነው እንዴ?”

“ታዲያ ምን ላድርግ?” አለች እናቴ። “እሱ ጠቅ ሲል እሷ ዝም ትላለች። ስትወድቅ ቁጭ ብዬ ልያት?”

ልጅቷ የክፍሉን መብራት አብርታ መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች። አማርኛው ሲያጥራት በዕብራይስጥ እየሞላች፣ እኔም እየተረጎምኩ አስረዳቻት። ይሄ ፈተና አይደለም፤ የሚወድቅም የሚያልፍም የለም። ያላየችውን አይታለች ብዬ ከጻፍኩ ግን ነገ ከበር ጋር የምትጋጨው እሷ ናት አለቻት።

“ውጭ ትጠብቂን ይሻላል?” አልኳት እኔ።

“እዚሁ እሆናለሁ። አፌን እይዛለሁ።”

ከመጀመሪያው ጀመርን። መጀመሪያ በቀኝ ዓይኔ፣ ቀጥሎ በግራው። ቢጫዋን ነጥብ አፍጥጬ አየሁ፤ ዓይኔ ቢቆጠቁጠኝም አልነቀልኩም። አንዳንዴ የመሣሪያው ድምፅ ይሰማኛል፣ መብራት ግን የለም። ጠቅ ይላል፣ የለም። ደግሞ ጠቅ ይላል፣ የለም። ጣቴ እንዳትጫን አጥብቄ ያዝኳት። ከኋላዬ ምንም አልተሰማም። የክፍሉ መብራት ሲበራ ዞሬ አየሁ፤ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ እንደያዘች ነች፣ ጉንጯ ረጥቧል። ያን ሁሉ ዝምታ ሰምታዋለች።

ልጅቷ ከመሣሪያው የወጣውን ወረቀት አሳየችን። ለእያንዳንዱ ዓይን አንድ ክብ ነበረ፤ በሁለቱም ላይ ከላይ በግራ ያለው ሩብ ጠቁሯል፤ የጠቆረው ግን እስከ መሐሉ አልደረሰም።

“የትኛው ዓይኗ ነው የተጎዳው?” አለች እናቴ።

“ዓይኗ ደህና ነው እማማ። ሁለቱም። ያዩትን በአንጎሏ ውስጥ የሚያስተላልፈው ጅማት ነው የተነካው።”

እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ጣቷን በጠቆረው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “እውነትሽን ነበር” አለችኝ።

ወረቀቱን ለአለቃዬ አሳየሁት። ደግ ሰው ነው፤ ወዲያው “ወደ ማሸጊያው ጠረጴዛ ላዛውርሽ፣ ቁጭ ብለሽ ትሠሪያለሽ” አለኝ። ያንን ሥራ አውቀዋለሁ፤ ሰው ከዚያ ጠረጴዛ ተመልሶ አይነሳም።

“ሁለት ሳምንት ስጠኝ። ካልቻልኩ ራሴ መጥቼ እነግርሃለሁ።”

“ከሆነ ነገር ጋር ብትጋጪስ?”

“የት ላይ እንደማላይ አሁን አውቃለሁ። በፊት ነበር የማላውቀው።”

ተስማማ። ከዚያ ያለው ለወሬም አይመችም፤ ሥራ ነው። በሁለት መደርደሪያ መሐል ከመግባቴ በፊት አገጬን ከፍ፣ ፊቴን ወደ ግራ፤ ከዚያ ነው እግሬ የሚነሳው። ስረሳው ራሴን ወደ ኋላ መልሼ እንደገና እገባለሁ። ዕቃ ስፈልግ ከላይኛው መደርደሪያ የግራ ጥግ እጀምራለሁ፤ ሌላው ሁሉ ራሱ ይታየኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሁሉም ኋላ እጨርስ ነበር። ማታ አንገቴ ደርቆ ስገባ እናቴ ቅባት አሙቃ ታሸኛለች፤ “ተይው ይሄን ሥራ” ማለት አምሯት እንደምትውጠው ይታወቀኛል። አንድ ቀን እጇን ሳታነሳ፣ “ዛሬስ መታሽ?” አለችኝ።

“አልመታኝም።”

“ጎሽ” አለችና ማሸቷን ቀጠለች።

ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ አለቃዬ ከኋላዬ እየተከተለ አንድ ሙሉ ትእዛዝ ስለቅም አየኝ። አንድም ዕቃ አልሳትኩም። “ቦታሽ ላይ ነሽ” አለኝ፤ “መሰላሉን ግን ለሌላ ሰው ተዪው።” በመሰላሉ ልከራከረው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ራሴን ከላዩ ላይ አስቤ ዘጋሁት። እሱ ላይ ልክ ነው።

በዓመቱ እንደገና ተለካሁ። ያችው ልጅ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። አንድ ናቸው፤ አልሰፋም፣ አልጠበበም። እንደዚሁ ይቀራል አለችኝ። ከመለካቴ በፊት የነበረውን ሌሊት ይጠብ ይሆን እያልኩ ተስፋ ሳደርግ ማደሬ እውነት ነው፤ ቤት እስክደርስ ከፍቶኝ ነበር። በማግስቱ ግን የመንጃ ፈቃድ ማመልከቻዬን አስገባሁ። ጉዳዩን የሐኪሞች ቦርድ ያየዋል ተብሏል፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። እምቢ ካሉኝ ለምን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

በቅርቡ ሮሽ ሃዓይን ከተማ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ አንድ ረጅም ዘመዳችን በግራዬ መጥቶ ሊስመኝ ጎንበስ አለ። አላየሁትም፤ ፊቴን ሳላዞር ቀረሁ። “አሃ፣ ዛሬስ ኮርታብናለች!” አለ ጮክ ብሎ፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ።

እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት እናቴ ተነሣች። “አልኮራችም” አለች፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። “ልጄ የሚጥል በሽታ ነበረባት። አንጎሏን ተቀድዳ ዳነች። ከላይ በግራዋ በኩል አይታያትም። ዞር በልና በፊት ለፊቷ ሳማት።”

ሰውየው ደነገጠ። ዞሮ መጥቶ ሳመኝ፤ “አይዞሽ፣ አላወቅሁም” አለኝ። እናቴ ተቀምጣ ምግቧን ቀጠለች።

ሙዚቃው ሲጀምር የማላውቃት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ “ያ እናትሽ ያሉት ሕመም” አለችኝ፤ “እኅቴም አለባት። ማንም አያውቅም። ቀዶ ጥገናው… ደህና ነው?”

“ለእኔ ደህና ነው” አልኳት። “ግን የሚወስደው ነገር አለ። እሱንም እነግርሻለሁ።” እጇን ይዤ ሙዚቃው ወደማይሰማበት፣ ወደ ውጭ አወጣኋት፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።