የኮምፒውተሩ ዝምታ

ልጅቱ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ስልክ ስትጠግን ውላ ቤቷ ስትገባ ወገቧ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር። ጡረተኛው አባቷ ግን የእሷ እኩያ የሆነውን አሮጌ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ይጠብቃት ነበር። ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ከተቃጠለ ወዲህ የአባቷ ፊት ተፈትቶ አያውቅም።

«ከደከመሽ ይቅር» አላት፣ ካቻቢቴውን እያቀበላት።

ሳቋ መጣ። ቁጭ አለችና ክዳኑን ፈታች። የተቃጠለውን ነቅላ፣ በስንት ፍለጋ ያገኘችውን ትንሽ አዲስ ፓወር ሰፕላይ በቦታው አስገባች። ዓይኗ እየተጨፈነባት ሽቦዎቹን በየደች፣ ቮልቱን ለካች፣ ክዳኑን መልሳ ገጠመች። ስክሪኑ በራ።

አባቷ ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አስጠጋ። «ምነው ዝም አለ?»

«አዲሱ ድምፅ የለውም፣ አባዬ። ይሠራል እኮ።»

«የድሮው እንደ ሰው ያንጎራጉር ነበር። ቀኑን ሙሉ ሌላ የምሰማው ምን አለኝ? አንቺም እንደገባሽ ትተኛለሽ።»

ከእንግዲህ በጊዜ እገባለሁ ልትለው አፏን ከፈተች፤ ውሸት እንደሚሆንባት ስታውቅ ተወችው።

«ነገ ማራገቢያ እገጥምለታለሁ» አለች። «እሱ ይጮሃል።»

«ይሁን» አለና ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ።

እሷም ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም አለች።