ከታቀፈች ዶሮ ሥር የወጣ ዕውቀት

ዛሬ የልጅ ልጄ ስለ አንጀት ልታስተምረኝ ስትነሳ ሳቄ አመለጠኝ።

የሕክምና ተማሪ ናት። «አባባ፣ የአንጀት የውስጥ ሽፋን ብቻውን ቅርጽ አይዝም፤ ከሥሩ ያለው ጎረቤቱ ሥጋ ነው እንዲህ ሁን የሚለው» አለችኝ። «ልጄ፣ ይህን እኔ በሃምሳዎቹ በእንቁላል ተምሬዋለሁ» አልኳት።

የካ፣ እንጦጦ ግርጌ ስንማር፣ የሳይንስ መምህራችን የጫጩት አንጀት እንቁላል ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ሊያሳዩን ፈለጉ። እኔም ለዕውቀት ስል እናቴ ካስታቀፈቻት ዶሮ ሥር አራት እንቁላል አወጣሁ። (ዶሮዋ ለዕውቀት ደንታ ስላልነበራት እጄን ቦጫጨረችው።)

እናቴ መጉደሉን ስታውቅ አርጩሜ ይዛ ጠራችኝ። ቆዳዬን ለማዳን መምህሩ በእንቁላሎቹ ያስተማሩንን እንዳለ ደገምኩላት፦ «እማዬ፣ የአንጀት ስስ ሽፋን የሚሆነው ጎረቤቱ እንዳደረገው ነው።»

አርጩሜውን ዝቅ አደረገች። «እንግዲያው አንተን ሌባ ያደረገህ ጎረቤት ማነው?»

ለሳይንስ ታማኝ ነኝና መምህሬን ጠቆምኩ።

በማግስቱ ክፍላችን ደጃፍ ቆማ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ ነስታ፣ «ልጄን የተጎራበቱት እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው። አርጩሜው በእጇ ነበር።

እናንተስ ለሳይንስ ስትሉ ከቤት ምን አውጥታችኋል? እናቶቻችሁ ፌስቡክ ላይ ከሌሉ እዚሁ ተናዘዙ።