ወረፋውን ያጠፋሁበት ዘዴ

ኢየሩሳሌም ውስጥ ኢንዱስትሪና ማኔጅመንት ምህንድስና ስማር የደረሰኝ ፕሮጀክት ወረፋ ማሳጠር ነበር። ሰፈሬ ቂርያት መናሔም ያለው ክሊኒክ ሄድኩ። ስሜ ሲጠራ እንዳያልፈኝ እያለ ሽማግሌው ሁሉ የሐኪሟን በር ከቦ ይጋፋል።

ደብተሬን ይዤ ጥግ ቆምኩና በጣቴ እየጠቆምኩ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለት ጀመርኩ።

«ምን እየቆጠርሽ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ ጎረቤታችን አባ ታከለ።

«ሰው ነዋ፣ አባ።»

በሩን የከበቡት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን አይሁዶች ዘንድ ሰው እንደ ከብት አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ክፉ ያገኘዋል ይባላል። እናቴ ስንቴ ነግራኛለች፤ ትምህርቱ አስረሳኝ። አባ ታከለ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ፤ ሁሉም ተከተሏቸው። ፕሮጀክቴ አለቀለት ብዬ ሮጬ ስወጣ፣ ግቢው ውስጥ ካለው አጥር ግንብ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ማን ከማን ቀጥሎ እንደመጣ እናውቃለን። ከዚሁ አንድ አንድ ሰው እንልካለን፤ አንቺ ብቻ ጣትሽን ሰብስቢ» አሉኝ አባ ታከለ።

እንዳሉትም አደረጉ። እኩለ ቀን ላይ የክሊኒኩ ኃላፊ ባዶውን ኮሪደር አይታ የፕሮጀክቴን ቅጽ ፈረመችልኝ።

«ይህን ወረፋ ስንት ባለሙያ መጥቶ አልቻለውም። አንቺ በምን ዘዴ አጠፋሽው?»

«በመቁጠር» አልኳት።