የቦራ መንገድ

ቶፊቅ ከከሚሴ በላይ ወዳለው ተራራ እንግዶችን ሲመራ ውሻውን ቦራን ሳያስቀድም ወጥቶ አያውቅም። ዝንጀሮውን የሚበትነውም፣ ነብር ሲሸተው ቀጥ የሚለውም ቦራ ነው። መንገዱ ግን ሰው ከሶላት በፊት ታጥቦ ውዱእ የሚያደርግበትን ምንጭ ታክኮ ያልፋል። አንድ ቀን የሰፈሩ ሽማግሌ ሸህ ዩሱፍ አስጠሩትና፣ «ውሻ አፉን የነከረበት ውሃ ነጃሳ ነው፤ አያነጻም። ወይ ውሻውን ተው፣ ወይ መንገዱን ተው» አሉት።

ቶፊቅ አልተከራከረም፤ ስለ ውሃው እውነታቸውን ነው። ውሻውን ግን አይተውም። በማግስቱ ዶማ ይዞ ወጣ፤ ቦራን ከምንጩ በታች ለቀቀውና የረገጠውን እየተከተለ ይቆፍር ጀመር። «ለውሻ መንገድ የሚቀድ እብድ» እያሉ የሰፈሩ ሰዎች ሳቁበት። እሱ ጆሮ አልሰጣቸውም፤ መዳፉ እየተላጠ በጋውን ሙሉ ቆፈረ። ቦራ ቀጥ ያለ ዳገት አይወድምና፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ትንፋሽ ሳያስቆርጥ ጫፍ ደረሰ። ቶፊቅ መግቢያው ላይ «ውሻ ያለው በዚህ» ብሎ ጻፈ፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ውሻቸውን ይዘው የሚመጡ እንግዶችም በዚያው ይወጡ ጀመር።

ክረምት ገብቶ አሮጌው መንገድ ሲያዳልጥ፣ አንድ ጧት ቶፊቅ ከቦራ ጋር ሲወርድ ሸህ ዩሱፍን አገኛቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ላይ ወዳለው ማሳቸው በአዲሱ መንገድ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ሲያዩት ቆሙ፤ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

ቶፊቅ የቦራን አንገት ይዞ ወደ ዳር ሳበው።

«ይለፉ ሸህ ዩሱፍ» አለ። «ለሰው አልተከለከለም።»