ሁለተኛው ጉርሻ

የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሽታ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሳን ሆዜ ውስጥ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ስመለስ ድንገት መጣብኝ፣ ለካስ እዚያው ጥጉ ላይ ራመን የሚሉትን የጃፓን የኑድል ሾርባ የሚሸጥ አዲስ ቤት ተከፍቶ ኖሯል። ልጄ «እማ፣ አይም ሀንግሪ» እያለ እጄን ይጎትታል፣ እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር የሚቀድመኝ ፍርሃት ነው፣ እሱም የጀመረኝ በአሥር ዓመቴ፣ ኦክላንድ ውስጥ ባለች ጠባብ ራመን ቤት ነው።

ያኔ እኔ፣ አባዬና እማዬ ሳን ሊያንድሮ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር። አባዬ ሄይዋርድ መጋዘን ውስጥ እየሠራ ቅዳሜን ያርፍ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወዳለው የአማርኛ ትምህርት ይወስደኝ ነበር። እኔ ደግሞ አማርኛ እየገባኝ በእንግሊዝኛ የምመልስ፣ ፊደል ሲባል ሆዴን የሚቆርጠኝ ልጅ ስለነበርኩ፣ አባዬ መላ ሲያጣ በራመን ይደልለኝ ጀመር። ቤቷ ሦስት ጠረጴዛ ብቻ ነበራት፣ መስኮቷ ዘወትር በእንፋሎት ይሸፈን ስለነበር የዕለቱን ፊደል እዚያ ላይ በጣቴ ሳልጽፍ ሳህኑን አያቀርብልኝም ነበር።

ባለቤቷ ፀጉራቸውን በነጭ ጨርቅ የሚጠቀልሉ፣ ብቻቸውን የሚያበስሉ አሮጊት ጃፓናዊት ነበሩ። አባዬ እንደ አዲስ አበባ ልጅነቱ «ማዘር» ይላቸዋል፣ እሳቸው ግን የእውነት እናቴ ያላቸው መስሏቸው እንቁላል ይጨምሩለት ነበር። ከማዘዙ በፊት ሁልጊዜ «ማዘር፣ ኖ ፒግ?» ብሎ ይጠይቃል፣ እሳቸውም ክንዳቸውን እንደ ዶሮ ያርገበግቡለታል፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ።

ጥር ላይ፣ ኦክላንድ በዝናብ በጨቀየችበት አንድ ቅዳሜ፣ አባዬ ቾፕስቲክ የሚሏቸውን ሁለት እንጨቶች መያዝ ለመደና ኮራ። በእነዚያው እንጨቶች ኑድሉን ጠቅልሎ አንስቶ «አፍሽን ክፈቺ ሚጡ» አለኝ። አጠገባችን የክፍሌ ልጆች ተቀምጠው ስለነበር እንደ ሕፃን መጉረስ አፈርኩና፣ አፌን ከመክፈት ይልቅ የራሴን እንጨቶች ዘርግቼ ከእሱ እንጨቶች ላይ ተቀበልኩት።

ማዘር ጭልፋቸውን ጥለው መጥተው መዳፋቸውን በመካከላችን አስገቡ፣ ኑድሉም ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ በአገራቸው ከእንጨት ወደ እንጨት የሚቀባበሉት ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ አጥንቱን ሲለቅሙ ብቻ መሆኑን በቀስታ እንግሊዝኛ ነገሩኝ። ፊቴን ሲያዩ ራሴን ዳበስ ዳበስ አደረጉኝ፣ ሳቃቸው ግን አልተመለሰም።

«ምን አለች?» አለኝ አባዬ። የአከራዩን ደብዳቤ ሳይቀር የምተረጉምለት እኔ ነበርኩ፣ አንድም ቀን ዋሽቼው አላውቅም።

«እንዳይፈስ ተጠንቀቁ ነው የምትለው» አልኩት።

«ይሁና። በይ አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ልድገምሽ» ብሎ በዚያው እንጨት ሌላ አነሳ። እኔ ጥርሴን ገጥሜ፣ ጠግቤያለሁ ለማለት «አይም ፉል» አልኩ። ጉርሻውን ጥቂት አየት አድርጎ ራሱ በላው።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ዓይኔ ከእሱ ላይ አልነቀል አለ። ሳህኑን አንስቶ ጭልጥ ያደርግ የነበረው ሰው «ጨው በዛበት» እያለ ሾርባውን ይተወው ጀመር፣ የባቡር ጣቢያውን ደረጃ ስንወጣ መሐል ላይ ቆሞ ማሰሪያ የሌለውን ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ይል ነበር። እኔም አጠገቡ ቆሜ የማሰሪያውን ነገር እንዳላየሁ እሆን ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ዶሮም ራመንም ቀረ። አባዬና እማዬ ወጥ ቤት ሆነው፣ እኔ እንዳይገባኝ ጠንከር ባለ አማርኛ ይንሾካሾኩ ነበር፣ አንድ ቀን «ቀዶ ጥገና» ሲሉ ሰማሁ። ጥገናን አውቃት ነበር፣ የመኪና ናት፤ መኪናችን ደግሞ ማርሹ ከተበላሸ ቆይቷልና በመጨረሻ ሊያሠሩት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቀዶ የምትለዋን ግን ቅዳሜ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። የሰዋስው ጥያቄ መስሏቸው ደስ ብሏቸው «ጎበዝ፣ ቀደደ ከሚለው የወጣ ነው፣ ሐኪም የሰው ገላ ቀድዶ ሲጠግን ቀዶ ጥገና ይባላል» አሉና ሰሌዳው ላይ ጻፉልኝ። ዓመቱን ሙሉ ከተማርኩት አማርኛ ያቺን ቃል ብቻ ምነው ባልተማርኩ እል ነበር። ያን ቀን በእንጨት ተቀብዬ አባዬን ያሳመምኩት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ከፋሲካ በኋላ፣ አባዬ ለልቡ ሆስፒታል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሦስታችንም ራመን ቤት ሄድን። እማዬ «ሾርባ የወደቀበት ፓስታ» እያለች ስትቀልድበት የኖረችው ምግብ ነው፣ አንድም ቀን መጥታ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ሳትቀልድ መጥታ መቀመጧ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ።

አባዬ እንጨቶቹን ገፋ አደረገና ተነስቶ እጁን ታጥቦ ተመለሰ። የሚያሟልጨውን ኑድል በጣቶቹ እንደምንም ጠቅልሎ ወደ አፌ አቀረበው።

«ያኔ የቀረችሽ ናት። በእጄ ነው፣ አትፍሪ» አለኝ።

እኔ ደግሞ በልጅ ጭንቅላቴ አሰብኩ፦ ይህችን ጉርሻ ከተቀበልኩ በመካከላችን የቀረ ነገር አይኖርም፣ ካልተቀበልኩ ግን ሊያጎርሰኝ የግድ መመለስ አለበት። ስለዚህ አንገቴን ወደ ኋላ አደረግሁና፣ ለእሱ በእንግሊዝኛ መመለስ የለመደው አፌ በአማርኛ «ስትመለስ» አለ።

እጁ እንደተዘረጋ ጥቂት ቆየ፣ ሾርባው በአንጓው እየወረደ ነበር። «እሺ፣ ስመለስ» አለኝ።

አልተመለሰም።

አርባው የወጣ ዕለት ሁሉንም ለእማዬ እያለቀስኩ ነገርኳት፣ አጥንቱን፣ ውሸቴን፣ «ስትመለስ» ያልኩበትን። አቀፈችኝና «አባትሽ እኮ ያውቅ ነበር» አለችኝ። «ፊትሽን አይቶ አላምን ስላለ በማግስቱ ተመልሶ ሄዶ ሴትየዋን ጠየቃት፣ አጥንቱን እንዴት እንደሚለቅሙ በእጇ አሳየችው። ‹ልጄ ጠልታኝ ሳይሆን ፈርታልኝ ነው› አለኝ። በጣቱ ሊያጎርስሽ የተነሳው ለዚህ ነው።» ልታጽናናኝ የነገረችኝ ነገር እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ያቺ የኦክላንድ ቤት ተዘግታ ዛሬ ስልክ ይሸጥባታል። የሳን ሆዜዋ ሰፊ ናት፣ ማዘዣዋ በስልክ ነው፣ አሳማ ይኑርበት አይኑርበት ተጽፎ ስለሚታይ ክንዱን የሚያርገበግብ ሰው አያስፈልግም። ልጄ መራቡን ደጋግሞ ሲነግረኝ ይዤው ገባሁ። እጄን ታጥቤ በጣቴ አንድ አጎረስኩት፣ እየሳቀ ተቀበለ። ሁለተኛውን ስጠቀልል ግን የጎረቤት ጠረጴዛ ልጆችን በቆረጣ አየና «እማ፣ አይም ፉል» አለኝ።

አፍሮ መሆኑን አውቃለሁ። ሾርባው ወደ እጅጌዬ እየወረደ ነበር፣ እጄን ግን አልመለስኩም።