ታንኳው ላይ የቀረችው

በፍልሰታ ጾም ከእናቴ ጋር ጠበል እንሄዳለን። ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት እየጠበቅሁ ስለሆነ እናቴ አንድም ቀን አላስቀረችኝም፤ ማለዳ ትቀሰቅሰኝና እስከ ዓባይ ማዶ በባጃጅ ሄደን፣ የቀረውን መንገድ ጭቃ እየዘለልን እንደርሳለን። ባለፈው ሐሙስ ተራዬ ደርሶ ቄሱ ፊት ስቆም እንደ ወትሮው «ስመ ክርስትናሽ?» አሉኝ። ሕፃን የሚመልሰው ጥያቄ ነው።  ውኃው ከጣሳው ጠርዝ እየተንጠባጠበ፣ እሳቸውም እየጠበቁኝ፣ የእኔ ሐሳብ ግን ስምንተኛ ክፍል ወደነበርሁበት ዓመት፣ ጣና ላይ ወደቆመች አንዲት ጀልባ ሄደ።

ያን ቀን እጽፈዋለሁ እያልሁ ብዙ ጊዜ ወረቀት አበላሽቻለሁ። ዘንድሮ እጄ ተፈታልኝ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀንቶኝ ሲያልቅ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ታሪኩ ፈገግ የሚያሰኝ ቢሆን ደግሞ ምንኛ ጥሩ ነበር።

አባባ የእናቴ አባት ነበሩ። ከፋብሪካ መጋዘን ጡረታ ወጥተው እኛ ቤት ይኖሩ ነበር። በመጨረሻው ዘመናቸው ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ባያይም የሽምብራ ቆሎ ከእኔ እኩል ይቆረጥሙ ነበር። እኔን «ዓይኔ» ይሉኝ ነበር፤ ቁልምጫ አልነበረም፣ እጃቸውን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ስለሆንሁ ነው።

በጣልያን ጊዜ የሆነውን እኛ ቤት ያልሰማ የለም። ወታደሮቹ ሐይቁ ዳር ያለውን የአባባን መንደር ሲያቃጥሉ ወንዶቹ ጫካ ገብተው ስለነበር፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው በደንገል ታንኳ ወደ አንድ የደሴት ገዳም ሸሹ። ገዳሙ ሴት አይገባበትም። ወንዶች ልጆች ገቡ፤ እናቶችና ሴቶች ልጆች ታንኳ ላይ አደሩ። በነጋታው ወታደሮቹ በሞተር ጀልባ ደርሰው ውኃው ላይ ጨረሷቸው። አባባ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ከቤተሰቡ የተረፉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያሳደጓቸውም መነኮሳቱ ናቸው።

እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ለሟቾቹ በደሴቱ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ይቁም ሲባል ግን ምን ይጻፍበት የሚለው ሰዉን አባላው። የገዳሙ አባቶች ሴቶቹ ሕጉን አክብረው በፈቃዳቸው ቆዩ ይላሉ። የእናቴ ወንድም ጋሽ ይርጋ ደግሞ ተከለከሉ ተብሎ ካልተጻፈ ድንጋዩ ባይቆም ይሻላል ባይ ነበር። ጣናን በፎቶ ብቻ የሚያውቁ ልጆች ሳይቀሩ በፌስቡክ ተሰዳደቡበት። አባባ በዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም ነበር። አንድ ምሽት ጋሽ ይርጋ ጮሆ ጮሆ ሲደክመው ራዲዮናቸውን ዘጉና ራሴ ሄጄ እናገራለሁ አሉ።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብለው አሁን ምን ሊሉ ነው?» አለቻቸው እናቴ።

«ዝም ያልሁትን» አሉ።

በኅዳር ከጋሽ ይርጋ ጋር ሄድን። እኔ እጅ ያዥ ሆኜ ስመረጥ ደስታዬ ለከት አልነበረውም፤ ያን ያህል ርቄ በጀልባ ሄጄ አላውቅም ነበርና። እናቴ ዳቦ፣ ቆሎና ብርቱካን ቋጠረችልን። የክረምቱ ደፍራሽ ውኃ ጠርቶ፣ ደንገሉ በዳር በዳሩ ለምልሞ ነበር። የባሕር ዳር ዘንባባዎች ወደ ኋላ እየቀጠኑ ሲሄዱ አባባ ነፋሱን በፊታቸው እየተቀበሉ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። የሚናገሩትን እያጠኑ መሰለኝ።

ደሴቱ ስንደርስ አንድ ወጣት ዲያቆን ወርዶ የአባባን እጅ ከእጄ ተቀበለኝ። «አንቺ እዚሁ ነሽ፣ እኅቴ» አለኝ በትሕትና። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ጀልባ ነጂው ዋሴ ሳቀብኝ። «እንግዲህ ዘበኛ ሆነሻል፤ ጀልባዬ ብትጠፋ ካንቺ ራስ አልወርድም» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ።

ዳር ካለው ሾላ ጥላ ሥር፣ በምትወዛወዘው ጀልባ ላይ ተቀመጥሁ። ቆሎውን ጨረስሁ። ብርቱካን ልጬ ልጣጩን ብወረውር ማዕበሉ መልሶ አመጣልኝ፤ ደግሜ ብወረውረው ደግሞ መጣ። ሴት ከዚህ በቀር የምትቆምበት ቦታ እንደሌለ፣ ያኔም ይኸው እንደነበረ የገባኝ በዚህ መሐል ነው። ከዚያ በኋላ ብርቱካኑን መብላት አቃተኝ።

ላይ ገዳሙ ውስጥ የተባለውን በኋላ ጋሽ ይርጋ ነገረን። ከከተማ የመጡ አንድ የታሪክ መምህር፣ ጥፋቱን ለሁለት ብትከፍሉት ለገዳዩ ይቀልለታል ብለው ተከራከሩ። ጋሽ ይርጋ፣ የገደለውንማ ማን ካደ፣ በሩን የዘጋው ማን ነው ነው ጥያቄው አለ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ሕጉ የእኛ አይደለም፣ ከእኛ በፊት የነበረ ነው አሉ። ከዚያ አባባን አስነሧቸው። አባባ በዱላቸው ተደግፈው «የተቀበሉኝ አባት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉና ተቀመጡ። በቃ። መምህሩ መንቀጥቀጡ የሐዘን ነው፣ ስለዚህ አልከለከሉም አሉ። ጋሽ ይርጋ የሚንቀጠቀጠው ጥፋቱን የሚያውቅ ነው አለ። በአንዲቷ ቃል ሁለቱም አሸነፉ።

ስንመለስ ጋሽ ይርጋ ተቆጥቶ ከዋሴ ጎን ተቀመጠ። እኔና አባባ ሞተሩ የሚጮህበት ኋላ ነበርን። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ።

እናታቸው እኅታቸውን ታንኳው ላይ በምላጭ ላጭታ፣ የወንድ እጀ ጠባብ አልብሳት ነበር። ሊመሽ ሲል አንድ መነኩሴ ወደ ውኃው ወረዱ። መጀመሪያ አባባን ተቀብለው ዳር አቆሟቸው። ቀጥለው እኅታቸውን በብብቷ ይዘው አነሧት።

«አንሥተዋት ነበር» አሉኝ አባባ። «እግሯ ከታንኳው ለቆ ነበር። ካህን ልጅ ሲያቅፍ እንደሚጠይቀው ‹ስመ ክርስትናህ ማን ነው ልጄ?› አሏት። እሷም ለካህን እንደሚመለስ አድርጋ መለሰች። ‹ወለተ ሥላሴ› አለች።»

«ከዚያስ?»

«ቀስ አድርገው መልሰው ታንኳው ላይ አስቀመጧት።»

ለምን ላይ ይህን አልተናገሩም አልኋቸው።

«ምን ብዬ? እናቴ ገዳሙን ልታታልል ነበር ልበል? ወይስ ያሳደጉኝ አባት ልጅ መለሱ ልበል? እኒያ አባት ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ የልጅ ስም ጠይቀው አያውቁም፤ ዝም ብለው ነበር የሚባርኩ።»

«ቤት ውስጥስ ማን ነበር የምትሏት?»

 የከተማው መብራት መታየት ጀምሮ ነበር።

«ጠፋኝ፣ ዓይኔ» አሉ።

አባባ በዓመቱ ክረምት ላይ አረፉ። ድንጋዩ ቆመ። ሄጄ ማየት ስለማልችል ጋሽ ይርጋ በስልኩ አንሥቶ አሳየኝ። «ሕጉን አክብረው በፈቃዳቸው በውኃው ላይ የቀሩ እናቶችና ሕፃናት» ይላል። ጽሑፉ ያምራል። የማንም ስም የለበትም። አባባ የነገሩኝን ያኔ አወጣሁት። ጋሽ ይርጋ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ግን ሌላ ማን እንደሰማ ጠየቀኝ። ማንም አልሰማም አልሁት። «እንግዲያው አይረባንም። እናትየዋ አጭበርባሪ ነበረች ይሉናል» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም፤ አንዳንዴ ገብቼ አነባለሁ። ስለ ሕግ፣ ስለ ጣልያን፣ ስለ ክብር ይጽፋሉ። ስለ እሷ የሚጽፍ የለም። እኔም ብጽፍ ምንጭሽ ማን ነው ይሉኛል፤ ምንጬ መቃብር ውስጥ ነው።

«ልጄ፣ ስመ ክርስትናሽ?» አሉ ቄሱ ደግመው።

«ወለተ ሥላሴ» አልሁ።

አስቤበት አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ በካህን አፍ ትጠራ ብዬ ይመስለኛል። ቄሱ ጣሳውን አነሡ፤ ስሟን ጠርተው ጸሎቱን ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ጠብታ ግንባሬን ነካው። ይኼኔ እናቴ ከኋላ ነጠላዬን ጎተተችው።

«ኧረ አባቴ፣ ፍቅርተ ማርያም ናት። ውጤት እየጠበቀች ስሟም ጠፋት እኮ» አለች እየሳቀች።

ቄሱም ሳቁ። የጀመሩትን ተዉት። ጣሳውን እንደገና ሞልተው በእኔ ስም ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ወለተ ሥላሴንም ቀስ አድርገው መልሰው ታንኳው ላይ አስቀመጧት።