ሰርቨሩን ያስጨነቀው ዝናብ

ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኜ ስቀጠር፣ ኃላፊነቴ በራሴ ላይ ብቻ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ያለው አንድ ሰርቨር ነው፤ ድሮ የጽዳት ዕቃ ይቀመጥበት በነበረ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ እያጓራ የኮሌጁን ሥራ ሁሉ ይሸከማል። ተማሪ የሚመዘገበው በእሱ ነው። ውጤት የሚገባው በእሱ ነው። መምህራኑም ለጥናታቸው ከበድ ያለ ስሌት ሲኖራቸው ላፕቶፓቸውን ትተው እሱ ላይ ይጭኑበታል።

ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ነው። አንድ ፕሮግራም ተነስቶ ፕሮሰሰሩን ጠቅልሎ ሲይዘው ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። አንዳንዴ የእውነት ሥራ በዝቶበት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ተሳስቶ መውጫው ጠፍቶት እዚያው ስለሚሽከረከር ነው። ያም ሆነ ይህ ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ የተሰለፉት ተማሪዎች ማጉረምረም ይጀምራሉ፤ ወዲያው የእኔ ስልክ ይጮኻል።

«ልጄ፣ ያ ማሽንሽ ዛሬም ተኝቷል።»

የሬጅስትራር ኃላፊዋ ናቸው። ዕድሜያቸው ከእናቴ የማይተናነስ፣ ተማሪውን ሁሉ በመታወቂያ ቁጥሩ ሳይሆን በሰፈሩ የሚያውቁ ሴት። እሳቸው ሲደውሉ እኔ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ ፕሮሰሰሩን የያዘውን ፈልጌ እገድለዋለሁ። በእኛ ሥራ ፕሮግራምን በግድ ማስቆም መግደል ነው የሚባለው፤ ሌላ ቃል የለንም።

አንድ ጠዋት ከሰፈሬ ከቀራንዮ በሚኒባስ ስመጣ ስልኬ ጮኸ። ታክሲው ጢም ብሏል፤ እኔ ጋቢ የደረቡ አንድ አባት አጠገብ ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። በስልኬ ሰርቨሩ ውስጥ ልግባ ብል ኔትወርኩ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ኃላፊዋን ሰርቨሩ ክፍል ድረስ አስኬድኳቸውና የምላቸውን እንዲጽፉ ነገርኳቸው።

«ከላይ ያለው ይታይዎታል? አዎ፣ እሱ ነው። ይግደሉት።»

የፈሩ መሰለኝ።

«ምንም አይሆንም፣ አይፍሩ። ይግደሉት። ልጆቹም አብረውት ይሞታሉ።»

አንድ ፕሮግራም ከሥሩ ሌሎች ትንንሽ ፕሮግራሞች ሲያስነሳ ልጆቹ እንላቸዋለን። ታክሲው ውስጥ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አጠገቤ ያሉት አባት ቀስ ብለው አማተቡና ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አሉ። ረዳቱ እንኳ ሰው መጥራቱን ትቶ ዞሮ አየኝ።

«የኮምፒውተር ነው!» አልኩ፣ ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «የኮምፒውተር ሥራ ነው!»

«ተመስገን» አሉ አባት። ትንሽ አሰቡና ደግሞ፣ «ቢሆንም ልጆቹን እንኳ መተው ነበረብሽ» አሉኝ።

ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። እኔም እየሳቅኩ ወረድኩ፤ ግን በዚያው ቆረጥኩ። ይህን ሥራ በእኔ ፋንታ የሚሠራ ነገር መጻፍ አለብኝ።

ቅዳሜ ቤት ዋልኩ። እናቴ ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥባለች፣ እኔ በረንዳው ላይ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የምጽፈው ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ በየደቂቃው ይነቃል፤ ፕሮሰሰሩን ማን እንደያዘው ያያል። አስር ደቂቃ ሙሉ የሙጥኝ ያለ ካገኘ መጀመሪያ በጨዋ ደንብ «ሥራህን ሰብስበህ ውጣ» ይለዋል። ሰምቶ ከወጣ ጥሩ፤ ካልሰማ ይገድለዋል።

ለሙከራ ጊዜውን አሳጥሬ አስነሳሁት። ላፕቶፔ ማጉረምረም ጀመረ፣ ጋለ፣ ከዚያ ዝም አለ። ስክሪፕቱ የለም። እንደገና አስነሳሁት፤ እንደገና ጠፋ። ጽሑፉን መልሼ ሳነበው በየደቂቃው መሃል እንዲያርፍ የሚያዘውን መስመር ረስቼዋለሁ። ምስኪኑ ያለ ዕረፍት ሲዞር ፕሮሰሰሩን ራሱ ይዞታል፤ ማን ነው የያዘው ብሎ ሲያይ ራሱን አገኘ፣ ራሱን አስጠነቀቀ፣ ራሱን ገደለ። ብቻዬን ከት ብዬ ስስቅ እናቴ አረፋ የያዘ እጇን ይዛ መጣች።

«ምን አገኘሽ አንቺ?»

«ሌባ እንዲይዝልኝ የቀጠርኩት ዘበኛ ራሱን ያዘ!»

«ታዲያ ታማኝ ነዋ» ብላኝ ወደ ልብሷ ተመለሰች።

የረሳሁትን መስመር ጨመርኩና ሰኞ ሰርቨሩ ላይ ጫንኩት። የሁለተኛው መንፈቅ ምዝገባ የደራበት ሳምንት ነበር። እስከ ምሳ ድረስ ስልኬ ዝም አለ። ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ሰግቼ ወደ ሬጅስትራር ሄድኩ። ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ ነው። ኃላፊዋ ሲያዩኝ ከመስኮታቸው ተነስተው መጥተው አገላብጠው ሳሙኝ።

«ተኝቷል ብዬ ልደውልልሽ ስል ብድግ አለ! ማን ቀሰቀሰው?»

አስረዳኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጣው ሁሉ፣ «የእኛ ልጅ እኮ የሚያንቀራፍፈውን ሁሉ የሚገድል ነገር ሠርታለች» እያሉ ያወሩልኝ ጀመር።

በሚያዝያ አንድ ከሰዓት በኋላ የቢሮዬ በር ተንኳኳ። ላፕቶፕ በብብቱ የያዘ፣ ጫማው ጭቃ የነካው ረዥም ሰው በሩ ላይ ቆሟል። በዚያ መንፈቅ የተቀጠረ የሲቪል ምህንድስና መምህር መሆኑን ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ አውርተን ግን አናውቅም።

«ይቅርታ፣ ዝናቤን የምትገድዪብኝ አንቺ ነሽ?»

ዝናብ! ስሙን አውቀዋለሁ። ስክሪፕቱ ገደልኩ ብሎ ከሚነግረኝ ፕሮግራሞች መካከል እንደ ዝናብ የሚመላለስ አልነበረም። መውጫ የጠፋው የአንድ ተማሪ የቤት ሥራ ይመስለኝ ነበር።

«ያንተ ነው እንዴ?»

«የእኔ ነው» አለ፤ ሳይቀመጥም ዘረዘረልኝ። «ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አንብቤዋለሁ። መብራት ነው ብያለሁ። ላፕቶፔን አስጠግኛለሁ። ቢሮ አብሮኝ የሚቀመጠውን ሰው ጠርጥሬ ሰላምታ ቀንሼበታለሁ። ዛሬ ሬጅስትራር ሄጄ ሳማርር ‹ይቺ የእኛዋ ልጅ ናታ!› ብለው ሳቁብኝ።»

ሰላምታ የተቀነሰበትን ሰውዬ ሳስብ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሱ እንደ ኮስተረ ቆመ። ቆየና የከንፈሩ ዳር ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ እሱም ለቀቀው።

«ለመሆኑ ምን ያህል ጊዜ ይፈልጋል?» አልኩት።

«ካልተቋረጠ ሁለት ቀን ገደማ።»

«ሁለት ቀን! እኔ የምፈቅደው አስር ደቂቃ ነው።»

«አውቄዋለሁ። በአስር ደቂቃ ውሃው ገና ከዳገቱ አይወርድም።»

ተቀመጠና አሮጌ ወረቀት ገልብጦ ሳለልኝ። ክረምት ላይ ከላይ ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ በየት በየት እንደሚያልፍ ነው የሚያሰላው። ቤት በተሠራ ቁጥር የድሮው መፍሰሻ ይዘጋል፤ ውሃው ግን መውረዱን አይተውም፣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የማን ግቢ እንደሚገባ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል ባይ ነው። ሲያወራ እጆቹ እንደ ውሃ ይሄዳሉ።

«ለዝናብ ብቻ ፍቀጂለት» አለኝ በመጨረሻ።

«አልችልም። ለአንተ ከተውኩ ነገ የሒሳብ ክፍሉ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ሁሉም።»

ይከራከረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «እውነትሽን ነው» አለ። ደስ አለኝ፤ ለምን እንደዚያ ደስ እንዳለኝ ግን ያኔ አልመረመርኩትም።

ከሰዓቱን ሙሉ አብረን አሰብን። መግደል ወይም መተው ብቻ መሆን የለበትም፤ ጠባብ መንገድ ላይ እንደሚሄድ የጭነት መኪና፣ ከኋላው ታክሲ ሲመጣ ጥግ ይዞ የሚያሳልፍ ዓይነት ሥራም አለ። ስለዚህ ስክሪፕቱ ረዥም ስሌት ሲያገኝ ከሁሉም ኋላ እንዲሰለፍ እንዲያደርገው አሻሻልኩት፤ ሌላው ሲፈልግ ይጠብቃል፣ ማንም በማይፈልግበት ሰዓት እንደልቡ ይሮጣል። እውነት የሚሠራውን መውጫ ከጠፋው እንዴት እንለየው ስል ደግሞ መላው ከእሱ መጣ፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለሁ፣ እየሠራሁ ነው» የሚል ምልክት ይተው። ምልክቱ የቆመ እንደ ሆነ ይገደላል።

በማግስቱ የማታ ተማሪዎች የምዝገባ ሰልፍ ባለበት ሰዓት ዝናብን ለቀቅነውና ወደ ሬጅስትራር ሮጥን። ኃላፊዋ ተማሪ ሲመዘግቡ ከኋላቸው ቆመን ትንፋሻችንን ያዝን።

«ኧረ ምንም አልተሰማኝም!» አሉ። «ጀመራችሁት እንዴ?»

ዝናቡ እየዘነበ ነበር። በደስታ እጃችንን አጋጨን።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ብቅ እያለ «ዝናቡ እንዴት ነው?» ይለኛል። አንዱን አስልቶ ሲጨርስ ሌላ ይጀምራል። ኃላፊዋ አንድ ቀን ጠጋ ብለው፣ «ይሄ ልጅ ዝናቡን ከራሱ ቢሮ ማየት አይችልም?» አሉኝ።

«ይችላል።»

«እሱን ነው ያልኩት» ብለው ሄዱ።

ከስሌቱ የወጣውን የውሃ መንገድ ካርታ አትሞ ያመጣልኝ በግንቦት ነው። ሰማያዊ መስመሮች እንደ ደም ሥር ወደ ታች ይወርዳሉ። የራሳችንን ቤት ፈለግኩ፤ ከቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው። አንዱ ወፍራም መስመር በቀጥታ ከግንባችን ኋላ ይገባል። ክረምት በመጣ ቁጥር ዕቃችንን ብሎኬት ላይ ሰቅለን በባልዲ ውሃ ስንቀዳ ነው ያደግኩት፤ እናቴ ደግሞ ባኞ ቤቱን ነበር የምትጠረጥረው።

ይህን ስነግረው እሑድ ቦቲ ጫማ አድርጎ ቤታችን መጣ። እናቴ እንግዳ ይመጣል ብያት ስለነበር ከጫማው ጀምራ ወደ ላይ አየችው።

«እማማ፣ ውሃው መጀመሪያ የሚታይዎት በየት በኩል ነው?» አላት።

«በዚህ ጥግ ነው ልጄ። ግን አንተ እንግዳ ነህ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል።»

ምሳ ሳይበላ አላስነሳችውም። ከበላ በኋላ ከግንቡ ጀርባ ዞረን ስናይ የድሮው ቦይ በግንባታ ትርፍ ጠጠርና አፈር ተደፍኗል። አካፋ ተዋስን። ጎረቤቶች ምን ጠፋባችሁ እያሉ መጡ፤ ካርታውን ሲያዩ እያንዳንዱ የራሱን ቤት ፈለገና የራሱን አካፋ አመጣ። ሁለት እሑድ ቆፈርን። አንዱ ይቀልዳል፣ ሌላው ይዘፍናል፣ እናቴ ጠላና ቆሎ እያዞረች ሥራውን ከዳር ሆና ታዛለች።

በሐምሌ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል እሱም ውጤቱን ሊያይ መጣ። እናቴ እንደ ልማዷ ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ቆርቆሮው ስለሚጮኽ መነጋገር አይቻልም። ከግንቡ ጀርባ ውሃው ሲያጓራ ይሰማናል። ያጓራል፣ ግን አይገባም። ብዙ ቆየን። እናቴ ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠችበትና እሱን ቀና ብላ እያየች ሳቀች።

ሽማግሌ የላከው በጥቅምት ነው። አጎቱ ከሰበታ ነው የመጡት፤ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያሰባጠሩ ጣፋጭ አድርገው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በእኛ በኩል ደግሞ የእናቴ ታላቅ ወንድም ከጎጃም ድረስ መጥተዋል። ደንቡን አስጠንተውናል፤ ሽማግሌዎቹ ይጠይቃሉ፣ እኛ «እንመካከርበት፣ በሌላ ቀን ተመለሱ» እንላለን። እኔ ጓዳ ነኝ፤ የሬጅስትራር ኃላፊዋ እጄን ጨብጠው በመጋረጃው ያዳምጣሉ።

የእሱ አጎት ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ዛሬ እዚህ ደጅ የቆምነው...» ብለው ገና መጀመራቸው ነው።

«እሺ» አለች እናቴ።

ኃላፊዋ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ።

«ኧረ አንቺ! ገና አልጠየቁም እኮ!» አሉ አጎቴ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ከሰበታ ድረስ መጥተው ለምን ቆመው ይድከሙ?»

መጀመሪያ የሳቁት የእሱ አጎት ናቸው፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተከተለ። አጎቴ ዙሪያውን አይተው የሚያግዛቸው እንደሌለ ሲገባቸው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«እንግዲህ እኔ የመጣሁት ለምሳ ነው ማለት ነው» አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ።